ሁለት ወንበር ያላት መኪናና የቤተሰብ ወጪ

መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የመግዣዋን ዋጋ ነው። የመግዣው ዋጋ ግን ተከፍሎ የሚያልቅ ሲሆን፣ ለቤንዚን፣ ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለመድንና ለግብር የሚወጣው ገንዘብ መኪናዪቱ እስካለች ድረስ አይቋረጥም። ስለዚህ አስተዋይ ቤተሰብ «ስንት ታወጣለች?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ስንትስ ትበላለች?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እኛ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ የምንኖር ባልና ሚስት፣ ሁለት ወንበር ያላት ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ይዘን ወጪዋን በመዝገብ ስንጽፍ ቆይተናል። ከመዝገቡ የተማርነውን ለውድ አንባቢዎቻችን ማካፈል ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ይህች መኪና የምትሠራው በጃፓን አገር በሂሮሺማ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ቁመቷ ዝቅ ያለ፣ ክብደቷም ከ1,100 ኪሎ የማይበልጥ ናት። ይህን ትንሽነቷን የሚያይ ሰው ሁሉ ቤንዚን የምትቆጥብ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት መሠረት፣ የ2020 ሞዴል የሆነችው ባለእጅ ማርሽ ኤም ኤክስ 5 በአንድ ጋሎን ቤንዚን በከተማ ውስጥ 26፣ በአውራ ጎዳና 34፣ በአማካይ 29 ማይል ትሄዳለች። ይህም በአንድ ሊትር ከ12 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዚያው ዓመት የተሠራችው፣ አምስት ሰው የምትይዘው ቶዮታ ኮሮላ ሃይብሪድ ግን በአማካይ 52 ማይል ትሄዳለች። አንድ ሰው በዓመት 12,000 ማይል ቢነዳ፣ ኤም ኤክስ 5 ወደ 414 ጋሎን፣ ኮሮላ ሃይብሪድ ወደ 231 ጋሎን ይበቃቸዋል። ጋሎኑን በ4 ዶላር ብናስበው የፊተኛዪቱ 1,656፣ የኋለኛዪቱ 924 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 732 ዶላር ነው። በዚህም ላይ የማዝዳ ፋብሪካ ከተራው ቤንዚን ዋጋው ከፍ ያለውን እንድንቀዳ ስለሚመክር ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ክብደት የሚከብደው በተለይ መኪና እየቆመች በምትነሣበት በከተማ ውስጥ ሲሆን፣ በአውራ ጎዳና ላይ ግን ዋናው ባላጋራ ነፋስ ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የነፋሱ ግፊት ከፍጥነቱ ይልቅ እጅግ ይጨምራል። ጣሪያው ሲገለጥ ደግሞ ነፋሱ ወደ ውስጥ እየገባ መኪናዪቱን ወደ ኋላ ይይዛታል። ከሁሉም በላይ የነጂው እግር ወሳኝ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚያስረዳው፣ ነዳጁን በኃይል እየረገጡና ፍሬን በድንገት እየያዙ መንዳት በአንድ ጋሎን የሚኬደውን መንገድ በአውራ ጎዳና ከ15 እስከ 30 በመቶ፣ በሚያስቆም በሚያስኬድ የከተማ መንገድ ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። የስፖርት መኪና ደግሞ እግርን የምትፈትን ናት።

ፍርዳችን የቀና ይሆን ዘንድ መልካምነቷንም እንናገር። ቀላል በመሆኗ ፍሬኗንና ጎማዋን ቶሎ አትጨርስም። ሞተሯም ውስብስብ ስላልሆነ ዘይቷን በጊዜው ለሚለውጥላት ታማኝ ናት። በቨርጂኒያ ከተሞች በየዓመቱ በመኪና ላይ የሚከፈለው ግብር የሚታሰበው በዋጋዋ ስለሆነ፣ ዕድሜዋ በገፋ መጠን ይቀልላል። ማታ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በጆርጅ ዋሽንግተን መንገድ ላይ ጣሪያዋን ገልጠን ወደ ማውንት ቨርነን ስንወርድ ያገኘነውን ደስታ ደግሞ በመዝገባችን ልንጽፈው አልቻልንም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ወጪ ያለው ሦስተኛው ወንበር በሌለበት ቦታ ነው። ከሰፈራችን ወደ ዋሽንግተን በሚያስገባው በ395 አውራ ጎዳና ላይ ፈጣን መተላለፊያዎች አሉ። ሦስት ሰው የያዘ መኪና ተገቢውን መለያ ይዞ በእነርሱ ያለ ክፍያ ያልፋል፤ ከሦስት ያነሰ የያዘ ግን ይከፍላል። ስለዚህም ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ጠዋት በታወቁ ቦታዎች ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ የማያውቋቸው ነጂዎች ሦስት ለመሙላት ሲሉ ያለ ገንዘብ ያሳፍሯቸዋል። እኛ ግን ሁለታችን ከገባን ወንበሩ ስላለቀ፣ ሰልፈኞቹን በዐይናችን እያየን እናልፋለን።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ከመንገድ ክፍያ በላይ ሆኗል። እናታችን ከጎንደር መጥተው ከእኛ ጋር ሊኖሩ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቤታችን 10 ማይል ይርቃል። ሦስት ሰው በሁለት ወንበር ለማድረስ፣ አንዳችን እናታችንን አድርሶ፣ ተመልሶ ሌላውን መውሰድ አለበት። ይህም ለመሄድ 30፣ ለመመለስም 30፣ በጠቅላላው 60 ማይል ነው። በአንድ ጊዜ ቢኬድ ኖሮ 20 ማይል ይበቃ ነበር። እንግዲህ ለቤታችን በአንድ ጋሎን 29 ማይል የተባለው ከ10 ማይል በታች ወረደ ማለት ነው። በዚያም ላይ እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከዚያ ዝቅተኛ ወንበር ገብተው ሲወጡ እንዲሠቃዩ ማድረግ ደግሞ በጋሎን የሚለካ አይደለም።

ስለዚህ መኪናዪቱን ለመሸጥ ተስማምተናል። ሁለት ሆነን ስንኖር አገልግላናለች፤ ቤታችን ሦስት ሲሆን ግን አትበቃንም። መኪና ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች ሆይ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈውን የጋሎን ቁጥር ከማንበባችሁ በፊት በማዕዳችሁ ዙሪያ የሚቀመጡትን ቍጠሩ፤ ነገ የሚመጡትንም ጨምሩ። ከዚያ በኋላ የቤንዚኑን ሒሳብ ብትሠሩ ውጤቱ ትክክል ይሆንላችኋል።