ሪሞቱ ከመነሳቱ በፊት




ከጎባና ሮቤ እስከ ሶፍ ዑመር ድረስ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ የምናውቃት አንዲት ቅጽበት አለች። ከዒሻ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ድራማ እያየ ነው። ድራማው ውስጥ ያለችው ተማሪ ክፍል ውስጥ ሳለች የወር አበባዋ ይመጣባታል፤ ወይም ያለዕድሜዋ ልትዳር ነው። አባት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እናት ወደ ማድቤት ትነሳለች፤ አንዱ ሪሞት አንስቶ ዜና ያደርገዋል። ጥያቄው ግን ከቻናሉ ጋር አይቀየርም። በልጆቹ ልብ ያድራል፤ በማግስቱም ከስልክ ወይም ከማያውቅ ጓደኛ መልስ ይፈለግለታል።

ሐያእ ነው እንላለን። ሐያእ የኢማን ክፍል ነው፤ ዝምታ ሁሉ ግን ሐያእ አይደለም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴት ልጅ በህልሟ ሲያጋጥማት ጉስል ግዴታ ይሆንባታል ወይ ብላ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) በቀጥታ ጠይቃለች፤ እሳቸውም መልሰውላታል። መድረሳ የቀራን ሁሉ እናውቃለን፤ «ሰፊነቱ ነጃ» ገና ከመጀመሪያው የጉርምስና ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ጀናባና ሐይድም ይከተላሉ። ትንሽ ልጅ ይህን ሸይኹ ፊት ጮክ ብሎ ይቀራዋል። ኪታብ ላይ ያላፈርንበትን ሳሎን ውስጥ ለምን እናፍርበታለን?

ድራማ አፍ እንደሚያስከፍት አገራችን አይታለች። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» በአማርኛ በ257 ክፍሎች፣ «ዽምቢባ» ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ተላልፈዋል። ያዘጋጃቸው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ሲሆን ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ሴቶች ጉዳይ ያነሱ ነበር። አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ጻፉ። ድርጅቱ እንዳሳወቀው፣ ድራማውን የተከታተሉ ወንዶች ካልተከታተሉት በአራት እጥፍ፣ ሴቶች በሦስት እጥፍ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገዋል። «የኛ» የተሰኘው የወጣት ሴቶች ድራማም በ2005 ዓ.ም በሬዲዮ ጀምሮ በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሯል። ሰው በራሱ አፍ ሊያወጣው የሚከብደውን ነገር በሌላ ሰው ታሪክ አሳብሮ ማውራት ይቀለዋል።

ይህ ማለት የመጣውን ሁሉ እንይ ማለት አይደለም። ዓይናችንን መስበር ያለብን ትዕይንት ሲመጣ ሪሞቱ ይነሳ። ነገር ግን የሚያሳፍር ትዕይንትና የሚያሳፍር ጥያቄ አንድ አይደሉም። ትዕይንቱን ስንዘጋ ጥያቄውንም አብረን ከዘጋን፣ ልጁን ለሌላ አስተማሪ አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው።

መስጂድ የምናገለግል ሰዎች ውጤቱን እናየዋለን። ወጣቶች ከሶላት በኋላ ጠጋ ብለው «ለጓደኛዬ ነው» እያሉ ይጠይቁናል። ጓደኛው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ አናሳፍረውም። እህቶቻችን ግን ይህች በር እንኳ የለቻቸውም። የመጀመሪያ ሐይዷን በሽታ መስሏት ለብቻዋ የምታለቅስ ልጅ ማንን ትጠይቅ?

ስለዚህ ድራማው ሲያልቅ እናት ልጇን ለብቻ «ያቺ ልጅ ምን ማድረግ ነበረባት?» ብላ ትጠይቅ። አባት ወይም አጎት ከወንዱ ልጅ ጋር እንዲሁ ያድርግ። ስለ ጋብቻ ሲነሳ በሕጋችን ዕድሜው 18 መሆኑ ይነገር፤ ከኒካህ በፊት ሁለቱም ይመርመሩ። የአካል ጉዳይ ከሆነ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በየመስጂዱም እህቶችን የምታስቀራ አንዲት ኡስታዛ ትኑር፤ «ለጓደኛዬ ነው» የሚሏት።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።