ቱውምባ፤ ስለ መጠጥ ውኃ ሕዝብዋን የጠየቀች ከተማ

ቱውምባ የምትባለው ከተማ በአውስትራሊያ አገር፥ ክዊንስላንድ በሚባለው ክፍል የምትገኝ ናት። ከባሕር ዳር አጠገብ ካለችው ከብሪስበን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 125 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ ሜዳውን ከፈጸመ በኋላ መንገዱ ድንገት ዳገት ይሆንበታል። ዳገቱንም ሲጨርስ፥ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ተራራ አናት ላይ ከተማዪቱን ያገኛታል። አየርዋ ቀዝቀዝ ያለ፥ አፈርዋ ቀይ፥ ጎዳናዎችዋ በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። የአገሩ ሰዎች የአትክልት ከተማ ብለው ይጠሩዋታል። ከ1950 ዓመት ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ትልቅ የአበባ በዓል ታከብራለች፤ ይህም በዓል ዛሬ የሚውለው በመስከረም ወር ነው። በዚያ አገር ክረምቱ የሚያልፈው በነሐሴ ስለ ሆነ፥ አበባ በመስከረም የሚፈነዳበት አገር እኛ ብቻ እንዳልሆንን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ነገር ግን የከተማዪቱ ውበትና ችግርዋ አብረው የተወለዱ ናቸው። በተራራ አናት የተቀመጠ ሰው ሩቅ ያያል እንጂ ትልቅ ወንዝ አያገኝም፤ የዘነመው ዝናም ግማሹ በምሥራቁ ገደል፥ ግማሹ በምዕራቡ ሜዳ እየወረደ ይሸሸዋል። ስለዚህ ቱውምባ የምትጠጣው ከኩቢ፥ ከፐርሲቪራንስና ከክሬስብሩክ ግድቦች በመኪና ኃይል ሽቅብ እየተገፋ የሚመጣውን ውኃ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የተቋቋመው በ1860 ሲሆን፥ የመጀመሪያው ከንቲባ ዊልያም ሄንሪ ግሩም የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው በልጅነቱ በእንግሊዝ አገር በገንዘብ ማጉደል ተፈርዶበት ወደ አውስትራሊያ በግዞት የተላከ እስረኛ ነው። ኋላ ግን ብዙ ጊዜ ከንቲባ ሆነ፤ ክሮኒክል የተባለውን የከተማዪቱን ጋዜጣ ያዘ፤ በመጨረሻም በ1901 ለተሰበሰበው ለመላው አውስትራሊያ የመጀመሪያ ምክር ቤት ተመረጠ። የትውልድ ነገር እንዲህ ሲሆን ማየት ያስደንቃል።

ዛሬ ከንቲባውንና የምክር ቤቱን አባሎች ነዋሪው በየአራት ዓመቱ ይመርጣል። ድምፅ መስጠትም በሕግ ግዴታ ስለ ሆነ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚከፈለው ግብር የሚታሰበው በመሬቱ ግምት ነው እንጂ በላዩ በተሠራው ቤት ግምት አይደለም። በ2008 ደግሞ የክዊንስላንድ መንግሥት ከተማዪቱን በአካባቢዋ ካሉት ከሰባት የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ጋር አንድ አደረጋት። የሥራው ዝርዝር ግን ያው ነው፤ ጥራጊ ማንሣት፥ መንገድ መጠገን፥ ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ፥ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን እንዲያስመዘግብ ማድረግ። ይህ ሁሉ ለሩቅ ሰው ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ባለቤት ግን አስተዳዳሪውን የሚያውቀው በእንደዚህ ያለው ነገር ነው፤ በተለይም በውኃ።

በ2000ዎቹ ዓመታት ታላቅ ድርቅ በአገሩ ላይ ወረደ። ግድቦቹ ከቀን ወደ ቀን ጐደሉ፤ አትክልት በቧንቧ ማጠጣት ተከለከለ። ለአበባዋ በምትኮራው ከተማ የቤት እመቤቶች ገላና ልብስ የታጠበበትን ውኃ በባልዲ እያወጡ ለጽጌረዳቸው ያፈሱ ጀመር። ያን ጊዜ በዳይ ቶርሊ በተባሉት ሴት ከንቲባ የሚመራው ምክር ቤት በ2005 አንድ አሳብ አቀረበ። አሳቡም ከየቤቱ የሚወጣው የፍሳሽ ውኃ ተሰብስቦ፥ እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት እየተጣራ፥ ተሐዋስያኑ በብርሃን ኃይል እየተገደሉ፥ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ወደ ግድቡ ተመልሶ ከዝናሙ ውኃ ጋር እንዲጠጣ ነበረ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ለምንለው ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው፤ ሆኖም በሥራ የታየ ነገር ነው። በአፍሪካ ምድር በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሁክ ሕዝቡ ከ1968 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውኃ ይጠጣል።

የማዕከላዊው መንግሥት ግን ከወጪው ድርሻዬን የምሰጥ ሕዝቡ በድምፁ ሲፈቅድ ነው አለ። ከዚህ በኋላ ከተማዪቱ ከሁለት ተከፈለች። የፍሳሽ ውኃ መጠጣትን እንቃወማለን የሚል ማኅበር ተነሣ፤ የከተማዪቱ ስም በሩቅ አገር መሳለቂያ ሆነ፤ የቤትና የመሬት ዋጋ ይወድቃል፥ እንግዳም ይሸሻል እየተባለ ተወራ። ባለሙያዎች ስለ ማጣሪያው ቢያስረዱም፥ ተቃዋሚዎቹ የሚያስረዱት በአንዲት ቃል ነበረ፤ ያችም ቃል ፍሳሽ የምትለው ናት። በእኔ አስተያየት የምክር ቤቱ ጉድለት በማጣሪያው ዕውቀት ላይ አልነበረም፤ ሕዝቡ ነገሩን ገና ሳይለምደው፥ ተቃዋሚ ስም ካወጣለት በኋላ ለማስረዳት መሽቀዳደሙ ነው። ለልጅዋ ብርጭቆ የምትሞላ እናት ከቍጥር ይልቅ ዓይንዋን ታምናለች፤ ይህንንም በስንፍና መቍጠር አይገባም።

ሐምሌ 29 ቀን 2006 ድምፅ ተሰጠ። ከመቶ 61.68 እጅ የሚሆነው ሕዝብ አይሆንም አለ፤ ዕቅዱም በዚያው ቀረ።

ድርቁ ግን ድምፅ አልሰጠም፤ አላቆመምም። በ2007 መጀመሪያ የክዊንስላንድ ርእሰ መስተዳድር ፒተር ቢቲ ለብሪስበንና ለአካባቢዋ የተጣራው ውኃ እንደሚገባ አስታወቁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ለዚሁ ሥራ ታላላቅ ማጣሪያዎችና ረጃጅም ቧንቧዎች ተሠሩ። በ2008 መጨረሻ ዝናም ሲመለስ፥ ግድቦቹ ከመቶ 40 እጅ በታች ካልወረዱ በቀር የተጣራው ውኃ ከመጠጡ ጋር እንዳይቀላቀል ተወሰነ፤ እስከዚያም ድረስ ለኀይል ማመንጫዎች እንዲውል ሆነ።

ቱውምባ ደግሞ ግድቦችዋ ከመቶ 10 እጅ በታች እስኪወርዱ ድረስ ተጨነቀች። መድኃኒቱም ከብሪስበን ትልቅ ግድብ ከዊቨንሆ ውኃ ገፍቶ ወደ ክሬስብሩክ የሚያወጣ 38 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሆነ፤ ይህም በ2010 መጀመሪያ ተፈጸመ። ወጪው አይሆንም ከተባለው ማጣሪያ እጥፍ በላይ ነበረ። ደግሞም ውኃው የሚሳበው፥ የብሪስበን የተጣራ ውኃ ሊገባበት ከታሰበው ከዚያው ግድብ ነው፤ ይህን የተቃወሙትም ሆኑ የደገፉት ሲያስታውሱት ይኖራሉ።

ዓመት ሳይሞላው ጥር 10 ቀን 2011 በተራራው አናት ላይ እጅግ ብርቱ ዝናም ወረደ። በከተማዪቱ መካከል የሚያልፉት ሁለቱ ትንንሽ ጅረቶች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞልተው ተሽከርካሪዎችን ጠርገው ወሰዱ፤ በከተማዪቱም ከተራራውም በታች ባለው በሎክየር ሸለቆ ብዙ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ወር ግድቦቹ ሞሉ። ማዘጋጃ ቤቱም ትናንት ውኃ ፍለጋ ሲዞር የነበረው፥ ዛሬ ጅረቶቹን የማስፋትና ድልድዮችን የማሻሻል ሥራ ተጨመረበት።

ቧንቧው ዛሬም አለ፤ ደቡቡንም ለመርዳት ታስቦአል። ወደ ደቡብ ርቃ ያለችው ስታንቶርፕ የምትባለው ከተማ በጥር 2020 ግድብዋ ስለ ደረቀ፥ ከአንድ ዓመት በላይ ውኃ ከዋርዊክ ከተማ በመኪና ሲጫንላት ቈየ። ከዚህ በኋላ የክዊንስላንድ መንግሥት ከቱውምባ እስከ ዋርዊክ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ቧንቧ እንዲዘረጋ ወስኖአል። በመንገዱም ላይ ያሉት ካምቡያና ክሊፍተንን የመሰሉ ትንንሽ መንደሮች፥ እስከ ዛሬ ከጕድጓድ የሚቀዱት፥ ከዚሁ ውኃ ይካፈላሉ።