ናቹራል ወይስ ሶሻል?



ክረምት በገባ ቁጥር ከሚሴ ያለችው ቤቴ እንግዳ አይጠፋባትም። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጄ ናቹራል ይግባ ወይስ ሶሻል? ምርጫው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተኑትን ይወስናል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁሉም አለ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሌላው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ሶሻል የገባ ሕክምናን መርሳት አለበት።

ባለፈው ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ኡስታዝ፣ ሶሻል እያለች አስቸገረችን። እኛ ሐኪም ሆና እናቶቿን እንድታክም ነው የምንሻው። እስቲ ይምከሩልን» አሉኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

የአባትየው ነገር የሚናቅ አልነበረም። ሴቶቻችን በምጥ ሰዓት ሴት ሐኪም ሲያጡ የማያዝን ማን ነው? ኢማሙ ገዛሊም በ«ኢሕያእ» ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ዕውቀቶች ቆጥረውታል። (ሒሳብንም አብረው ማንሳታቸውን፣ የሒሳብ መምህር ነኝና፣ ሳልናገር አላልፍም።) ነገር ግን ፈርድ ኪፋያ ለሚችለው ሰው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ታሪክ ሲያወራ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። «ጎበዝ ልጅ ሶሻል አይገባም» ብዬ ናቹራል አስገባሁት። ፊዚክስ ጣለው፤ 50 በመቶ ሳይሞላለት ቀረ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይስማል። እሱ ነው የሚከብደኝ።

ሶሻል የሰነፍ መሸሸጊያ ነው መባሉም ሐሰት ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከተፈታኙ 3.3 በመቶ። ከነዚህ ውስጥ የሶሻል ተማሪዎች 6,973 ናቸው። ረጅም ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት፣ በኦሮምኛ ተምሮ ላደገው የኛ ዞን ልጅ ቀላል አይደለም።

ደረሳ ሳለሁ ሸኻችን አዲስ የመጣን ልጅ «ምን መሆን ትሻለህ?» ብለው አይጠይቁም ነበር። «ምን ቀርተህ መጣህ?» ብለው ኪታብ አስከፍተው ያስነብቡት ነበር። ነሕው የሚሆነውን ነሕው ላይ፣ ፊቅህ የሚሆነውን ፊቅህ ላይ ያስቀምጡታል። ሌላ ፈን ከሻለውም ወደ ባለቤቱ ሸኽ ይልኩታል።

እኔም የልጅቱን የሁለት ዓመት ካርድ አስመጣሁ። ታሪክና ጂኦግራፊ ከላይ፣ እንግሊዝኛ ደህና፣ ፊዚክስ በየሴሚስተሩ እየወረደ የሄደ። ሒሳቧ መካከለኛ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ ሶሻልም ገብታ አይለቃትም። ያየሁትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ከእናቷ ጋር ተመካክረው፣ ኢስቲኻራ ሰግደው እንዲወስኑም ለመንኳቸው።

ከሳምንት በኋላ አባትየው መስጊድ በር ላይ ያዙኝ። «ሶሻል ትግባ ብለናል» አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። «ሐኪሟንስ ከየት እናምጣ?» መልስ አልነበረኝም።

ልጅቱ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሒሳብ ትመጣለች። ታናሽ እህቷ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ አባትየው ባገኙኝ ቁጥር የሳይንስ ውጤቷን ይነግሩኛል።