ቡቺ ጠፈር የሄደች ጊዜ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ የኑሮ ውድነትም የለም። ዛሬ የምናወራው ስለ ውሻ ነው። ስለ ውሻ፣ ስለ ቺምፓንዚ እና ስለ ሮኬት። “ጋዜጠኝነት ተምሮ የውሻ ወሬ!” የምትሉ ካላችሁ መብታችሁ ነው፤ ቤታችንም ሲባል የከረመ ነገር ነው።

“እኛ” ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። አንደኛችን የጋዜጠኝነት ዲግሪ አላት፤ ሌላኛችን ደግሞ ሥራ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የታላቅ ወንድማችን ልጅ እኛ ዘንድ ዋለ። ስድስት ዓመቱ ነው። እንደ ዘመኑ ልጅ ስልክ ካልነጠቁት አይሰጥም። “ስልክ የለም፤ ፊልም ግን አብረን እናያለን” አልነውና ልጅ ሆነን የወደድነውን አኒሜሽን ፈልገን ከፈትንለት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሩሲያ ውስጥ የተሠራ ነው። ቤልካ የምትባል የሰርከስ ውሻና ስትሬልካ የምትባል የሞስኮ የጎዳና ውሻ፣ ቬንያ ከሚባል ወሬኛ አይጥ ጋር ሆነው ለጠፈር ጉዞ ሲሠለጥኑ፣ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ በመጨረሻም ሮኬት ሲሳፈሩ የሚያሳይ ነው። ልጁ ከሶፋው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

ፊልሙ ሲያልቅ ዞር አለና፣ “አክስቴ፣ መጀመሪያ የሄዱት እነሱ ናቸው?” አለ።

ሁለታችንም ተያየን። “አዎ” ብንል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አላልንም፤ “አይደሉም” ማለቱም አቃተን። ለምን እንዳቃተን ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርብን ነው። ታገሱን።

ይህንኑ ፊልም መጀመሪያ ያየነው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሰፈራችን ካለው ሲዲ ቤት በተከራየነው ዲስክ ላይ ሁለት ፊልም ታጭቆ ነበር። አንዱ የውሾቹ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ “ስፔስ ቺምፕስ” የሚባል የአሜሪካ ፊልም ሲሆን፣ አያቱ ጠፈር ደርሶ ስለመጣ እሱም ተገዶ ስለሚላክ የሰርከስ ቺምፓንዚ ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፤ የእኛ እንግሊዝኛ ደግሞ ያኔ ከ“ማይ ኔም ኢዝ” አያልፍም። ስለዚህ ተርጓሚያችን ታላቅ ወንድማችን ነበር። ዕድሜው አሥራ አምስት፣ ክፍሉ ዘጠነኛ፣ ድፍረቱ ግን የተባበሩት መንግሥታት አስተርጓሚ ነው። “አይጡ ምን አለ?” ስንለው ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ “ሮኬቱ ውስጥ ሽሮ አለ ወይ እያለ ነው” ይለናል። ቅዳሜ ዕለት በደንብ አዳመጥን። አይጡ ስለ ሽሮ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በዚያው ሰሞን ቡቺ ጠፋች።

ቡቺ የእኛ ውሻ አልነበረችም። የማንም አልነበረችም፤ ወይም የሰፈሩ ሁሉ ነበረች ማለት ይቀላል። ቁርሷን ከእኛ በር፣ ምሳዋን ከሥጋ ቤቱ፣ እራቷን ከጎረቤታችን ከእማማ ትበላለች። ሌሊት የሁሉንም በር ትጠብቃለች። ትምህርት ቤት ስንሄድ እስከ አስፋልቱ ሸኝታን ትመለሳለች። አንድ ጠዋት ግን የሸኘን የለም። “ቡቺስ?” አልን። እናታችን ወደ ጓዳ ገባች። ወንድማችን እጁን እየታጠበ ነበር። እጁን ጨረሰና፣ “ቡቺማ ተመርጣለች” አለን። “የት?” “ጠፈር። ሌሊት መኪና መጥቶ ወሰዳት። እንደ ስትሬልካ።”

አመንን! እናንተ ብትሆኑስ አታምኑም? ፊልሙን አይተናላ። ስትሬልካም የጎዳና ውሻ ናት፤ ቡቺም የጎዳና ውሻ ናት። ስንት ማታ ግቢ ቆመን ሰማይ ሰማይ ስናይ እንዳመሸን አይጠየቅ። የምትንቀሳቀስ መብራት ካየን “ቡቺ!” ብለን እንጮሃለን። አብዛኛው ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ነበር። ቀስ በቀስ ረሳናት። ልጅ አይደለን?

ዓመታት አለፉ። አንደኛችን ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የፊቸር አጻጻፍ መምህሯ “ከታሪክ አንድ ቀን መርጣችሁ ጽፉ” የሚል የቤት ሥራ ሰጡ። ሌላው ዓድዋን፣ የካቲት 66ን ሲሻማ እሷ “እኔ ቤልካና ስትሬልካን እጽፋለሁ” ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ነገሩ አስደሳች ነበር። ሁለቱ ውሾች የምር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1960 ከሶቪየት ኅብረት ተነሥተው፣ አይጦችና አንድ ጥንቸል አስከትለው፣ ምድርን ሲዞሩ ውለው አድረው በማግስቱ በሰላም አረፉ። ስትሬልካ በኋላ ወለደች፤ ከቡችሎቿ አንዷ፣ ፑሺንካ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከክሩሽቼቭ ለኬኔዲ ቤተሰብ በስጦታ ተላከች። ለጠፈር የሚመረጡት ከሞስኮ ጎዳና የሚለቀሙ ሴት ውሾች ነበሩ። ጎዳና የሆነው ብርዱንና ረሃቡን ስለለመዱት ነው። ሴት የሆነው ደግሞ ወንዱ ሽንቱን ለመሽናት እግሩን የሚያነሳበት ቦታ ስለሌለ ነው። ይህን ስናነብ በሳቅ ሞትን። ሴትነት የጠቀመበት አንድ የሥራ ማስታወቂያ!

ቀጥሎ ግን ላይካ መጣች።

ላይካም የሞስኮ ጎዳና ላይ የተገኘች፣ ስድስት ኪሎ እንኳ በቅጡ የማትሞላ ውሻ ናት። ከእነ ቤልካ ሦስት ዓመት ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1957 በስፑትኒክ 2 ተላከች። መንኮራኩሩ መመለሻ አልተሠራለትም ነበር፤ እንደማትመለስ የላኳት ሁሉ ያውቁ ነበር። ከጉዞው በፊት ዶክተር ያዝዶቭስኪ የሚባሉት ሐኪም ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አጫወቷት። በሕይወት ሳለች አንድ ደግ ነገር ላድርግላት ብለው ነው። ለዓለም የተነገረው ቀናት ቆይታ ሳትሠቃይ እንደሞተች ነበር። እውነቱ የተሰማው በ2002 ነው፦ በሙቀትና በጭንቀት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው የሞተችው። አርባ አምስት ዓመት ተዋሸ ማለት ነው።

አንደኛችን ይህን ለሌላኛዋ ጮክ ብላ እያነበበች የሐኪሙ ልጆች ጋ ስትደርስ ቆመች። በማግስቱ ውሻዋ የት ሄደች ሲሉ ምን ተብለው ይሆን? ያኔ ነው ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስለ ቡቺ የገባን። ውሻ ሲበዛ ሌሊት መርዝ የነካው ሥጋ ይበተን እንደነበር ካደግን በኋላ ሰምተናል። ሰምተን ግን ከቡቺ ጋር አላገናኘነውም። እኛ ዘንድ ቡቺ ጠፈር ነበረቻ!

“ስፔስ ቺምፕስ”ም አልቀረልንም። የፊልሙ አያት፣ ሃም፣ የምር ነበረ። ካሜሩን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተይዞ ወደ አሜሪካ የተወሰደ የአፍሪካ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1961 ለአሥራ ስድስት ደቂቃ ተኩል በርሮ ተመለሰ። ሲሄድ ግን ስሙ ሃም አልነበረም፤ “ቁጥር 65” ነበር። ቢሞት ስም ያለው እንስሳ ሞተ ተብሎ ጋዜጣ እንዳይጮህ ነው። “ሃም” ብለው በይፋ የጠሩት በሕይወት ከተመለሰ በኋላ ነው። ጥርሱን አውጥቶ የሚታይበት ፎቶ “ፈገግ ያለው ቺምፓንዚ” ተብሎ ዓለምን ዞሯል፤ የቺምፓንዚ አዋቂዎች ግን ያ ፈገግታ ሳይሆን ፍርሃት ነው ይላሉ። እነዚያን የሚያስቁ ፊልሞች ደግመን ስናስብ አንድ ነገር ታየን። ቀልዱ የሚሠራው በተመለሱት ነው። ስሙም፣ ፎቶውም፣ ፊልሙም የተመለሰ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ልጁ “መጀመሪያ የሄዱት እነሱ ናቸው?” ሲለን በአእምሯችን ይህ ሁሉ ነበር። ዲግሪ ያላት ተነፈሰችና፣ “አይደሉም። ከእነሱ በፊት ላይካ የምትባል ውሻ ሄዳለች። አልተመለሰችም” አለችው።

“ለምን?”

“መመለሻ አልተሠራላትም።”

ያለቅሳል ብለን ጠበቅን። አላለቀሰም። ትንሽ አሰበና፣ “እሺ ብላ ነው የሄደችው? ጠይቀዋታል?” አለ።

ይሄኔ ዲግሪውም ሥራውም አልጠቀመንም። ከላኳት ሳይንቲስቶች አንዱ ኦሌግ ጋዜንኮ በ1998 መጸጸታቸውን፣ ከጉዞው የተማሩት ነገር ለውሻዋ ሞት የሚበቃ እንዳልነበር ተናግረዋል። እሳቸው እዚያ ለመድረስ አርባ ዓመት ፈጀባቸው። ልጁ ሁለት ደቂቃ።

“አልጠየቋትም” አልነው።

ማምሻውን አባቱ ሊወስደው መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ልጁ፣ “አባዬ! ላይካ ሳትመለስ እንደሞተች ታውቃለህ?” አለው። ወንድማችን ቀና ብሎ አየን። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እኛም ከረጅም ዓመት በኋላ ጠየቅነው፤ “ቡቺስ?”

ዝም አለ። ከዚያ ነገረን። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በራችን ላይ ወድቃ አገኛት። እኛ ሳንነሣ ከሰፈሩ ዘበኛ ጋር በማዳበሪያ ጠቅልለው ወንዝ ዳር ቀበሯት። ያን ጠዋት እጁን ሲታጠብ የነበረው አፈሩን ነው። “ምን ልበላችሁ ታዲያ?” አለ። “ፊልሙን ያየነው ከትናንት በስቲያ ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።”

አልተቆጣነውም። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የቀበረውም ብቻውን የቻለውም እሱ ነው። የእሱን ውሸትና የአርባ አምስቱን ዓመት ውሸት አንድ ላይ አንመዝንም። የእሱ እኛን እንቅልፍ ለማስተኛት ነው፤ ያኛው አዋቂ ሰው እንዳይጠይቅ ነው። ግን አንድ ነገር ይቆጨናል። ላይካም ቡቺም የተመረጡት “የማንም አይደሉም” ተብለው ነው። ቡቺ የማንም ብትሆን ኖሮ ማዳበሪያ ይዞ የሚወጣ ልጅ ባላገኘች ነበር። መርዙን የበተነው አካል ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው ያን ጊዜ ከሰፈሩ የጠየቀ የለም። እኛም ሰማይ ሰማይ እያየን ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ልጁ በሩ ላይ ቆመና፣ “ኢትዮጵያስ ውሻ ልካለች?” አለን። ደስ እያለን መለስን፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከቻይና ምድር ሳተላይት አስወንጭፈናል፤ ሰውም ውሻም አልተሳፈረባትም። “ጎበዝ” አለ፤ ማንን እንደሆነ አልገባንም።

ከዚያ፣ “በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ፊልም ድጋሚ ትከፍቱልኛላችሁ?” አለ።

“የቱን?”

“የሚመለሱበትን።”

እንከፍትለታለን። አይጡ ምን አለ ብሎ ከጠየቀንም መልሱ ተዘጋጅቷል፦ ሽሮ።