የሊኑክስ ገደልና ድልድይ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዓባይም እስከ ደጀን ይወጣል። ከገደሉ ማዶ ያለው አገር መልካም እንደ ሆነ ቢነገረውም፣ ድልድይ ባይኖር ኖሮ ብዙው ከአፋፉ በተመለሰ ነበር። ሊኑክስ የሚባለውም የኮምፒዩተር ሥርዐት እንዲሁ ነው፤ አገሩ መልካም ሲሆን መግቢያው ግን ለብዙ ዘመን ገደል ነበረ።

ይህን ሥርዐት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ይማር የነበረው የፊንላንድ ሰው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ማንም ሳይከፍል ሊወስደው፣ ሊመረምረው፣ ሊያርመውም ተፈቅዷል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሊጭነው የፈለገ ሰው ዲስኩን በገዛ እጁ መከፋፈል፣ ማስነሻውንም በዲስኩ መጀመሪያ በ512 ባይት ስፍራ ማስቀመጥ ነበረበት። አንዲት ስሕተትም የነበረውን ጽሑፍ ሁሉ ታጠፋ ነበር። ስለዚህ ስጦታው ለሁሉ ሆኖ ሳለ ተቀባዮቹ ጥቂቶች ሆኑ። በሩ የማይከፈት ቤት ቢሰጡት ለሰው ምን ይጠቅመዋል?

ድልድይ ሠሪዎች ግን ተነሡ። በ2000 ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር፣ ዲስኩን ሳይነካ ከሲዲ ተነሥቶ የሚሠራውን ክኖፒክስን አወጣ። በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱን መሠረተ፤ ኩባንያውም እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር።

በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሌላ ገደል መጣ። ሴኪዩር ቡት የሚባለው ዘበኛ፣ ላፕቶፑ ሲነሣ ማኅተም የሌለውን ሥርዐት አላስገባም አለ። የሊኑክስ ሰዎች ግን በሩን አልሰበሩም፤ ማይክሮሶፍት ያተመላትን ሺም የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አስቀድመው ሰደዱ፣ እርስዋም ለሚከተለው ዋስ ሆነች። ስለዚህ ዛሬ ኡቡንቱና ፌዶራ ዘበኛው ሳይሻር ይገባሉ።

ይህ ነገር ለደጀን፣ ለብቸናና ለሞጣ ተማሪ ሩቅ ወሬ አይደለም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0ንና ዐዲስ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል። እንግዲህ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ድኻ ተማሪ፣ ደኅና የሆነውን ዕቃ ይጣለው? 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል። ሊኑክስ ሚንት 3 ጊጋባይት ገደማ ነውና አንዱ ኔትዎርክ ካለበት አውርዶ ቢያዘጋጀው፣ ያው ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መቅዳቱም አልተከለከለም። ላፕቶፑ ሲነሣ በብዙዎቹ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ኤስኬፕን ቀጥሎም ኤፍ 9ን ተጭኖ ፍላሹን ይመርጣል። ሳይጭንም አስቀድሞ ይሞክረዋል፤ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የአማርኛውንም ፊደል ያያል።

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን በጉባኤ ቃና ይጀምረዋል እንጂ በመወድስ አይጀምረውም፤ ይህን በማድረጉም ቅኔው አልረከሰም። መግቢያን ማቅለልም ዕውቀትን ማቃለል አይደለም።

የቀረው ገደል አንድ ጥያቄ ነው። ጫኙ «ዲስኩ ሁሉ ይጥፋ ወይስ ሊኑክስ ከነባሩ ጎን ይቀመጥ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ፣ ቋንቋውን በውል ያልያዘ ልጅ የዓመት ድካሙን በአንዲት ጣት ሊያጠፋ ይችላል። ይህችን ጥያቄ ጥርት ባለ አማርኛ ያስቀመጠ ሰው ከብዙ ሊቅ ይልቅ ይጠቅማል። እስከዚያው ግን ጽሑፉን ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ፍላሽ ይገልብጥ። ከኋላ ቆሞ የሚደግፍ ደጀን ይባላልና፣ ደጀን ያለው ሰው ገደሉን ያለ ፍርሀት ይሻገራል።