ሁለተኛው ሰው

የአብዛኞቻችን መሥሪያ ቤት ሁለት ስብሰባ አለው፤ አንዱ ካላንደር ላይ ያለው፣ ሌላው ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ላይ የሚደረገው። እውነቱ የሚወራው ማኪያቶው ላይ ነው። ውሳኔው ግን ያኔ አልፏል።

በፊት እሠራበት በነበረ ድርጅት አዲስ የክፍያ ሲስተም ለፋሲካ ሰሞን ይለቀቅ ተባለ። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ነበርን። "ሰው ሁሉ ብር በሚላላክበት ሳምንት፣ ሎድ ቴስት ሳናደርግ ባንለቀው ይሻላል" አልኩ። ጭጭ። ኃላፊያችን ዙሪያውን ቃኘና "ሌላ ሐሳብ ያለው? እሺ፣ ተስማምተናል ማለት ነው" አለ። ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሯል። በቃ፣ አለቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዱ "ልክ እኮ ነህ፣ እኔም ያሰብኩት ይሄንኑ ነበር" አለኝ። አጠገቡ ያለችው ልጅ "እኔም" አለች። ሦስተኛው ኮሪደር ላይ ያዘኝ። አራተኛው ማታ በቴሌግራም ጻፈልኝ። ደመርኩት፤ ከእኔ ጋር አምስት። ከስምንት አምስት! አብዛኞቹ እኮ እኛ ነበርን። ግን አንዳችን የሌላውን ሐሳብ አናውቅም ነበር።

ሲስተሙ ዋዜማው ላይ ተንገዳገደ። ብር ከአንዱ አካውንት ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይደርስ ሰዓታት ቆየ። የዶሮና የቅቤ መግዣው የት እንደገባ የጠፋበትን ደንበኛ ስልክ እያነሱ ሲሰደቡ ያመሹት የጥሪ ማዕከል ልጆች ናቸው። አንዳቸውም ያ ስብሰባ ላይ አልነበሩም። የዝምታን ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ክፍሉ ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው።

የሥራ ባልደረቦቼን ፈሪ ለማለት አይደለም። አንዱ የታናሽ እህቱን የኮሌጅ ክፍያ ይከፍላል። አንዷ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ሁላችንም "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ፤ ኃላፊን ሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነው። ደግሞም ስጋታቸው እውነት ነበር። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ "ኔጌቲቭ" የሚል ስም ወጣልኝ፤ ሁለት ስብሰባም ሳልጠራ አለፈኝ።

ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። የተማሪዎች ቡድን የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድር ይጠየቃል። ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድመው የተነገራቸው ናቸው፤ ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ለብቻው ቢጠየቅ ከመቶ አንዴ እንኳ የማይሳሳት ሰው፣ እዚያ ሲቀመጥ በአማካይ ከሦስት መልሶቹ አንዱን ያህል ከቡድኑ ጋር ተሳሳተ።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አሽ ትክክለኛውን መልስ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲጨምርበት ስህተቱ ወደ ሩብ ወረደ። ያ ሰው መሀል ላይ ከድቶ ከብዙኃኑ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ስህተቱ ተመልሶ አሻቀበ።

አንድ ሰው ብቻ! እኛ ሁሌ የምንመክረው "ደፍረህ ተናገር" ብለን ነው። ምክሩ ለመጀመሪያው ተናጋሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ከየክፍሉ አንድ አይጠፋም። የሚጠፋው ሁለተኛው ነው። አንድ ሰው ሲናገር "አስቸጋሪ" ይባላል፤ ሁለት ሲሆኑ ጉዳዩ አጀንዳ ይሆናል።

ሁለተኛ መሆን ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። "እኔንም ያሳስበኛል" ማለት ይበቃል። ይሉኝታ ከያዛችሁ በጥያቄ አድርጉት፦ "እሱ ያለው ቴስት ስንት ቀን ይፈጃል?" ማንም አልተነካም፣ ሐሳቡ ግን በሕይወት ቆየ። አሁን ያለሁበት ቲም ውስጥ ስብሰባ ሳንገባ ሁላችንም ስጋታችንን አንድ ሰነድ ላይ እንጽፋለን፤ ኃላፊያችን መጨረሻ ላይ ነው የምትናገረው። ስንት ሰው ተመሳሳይ ነገር እንዳሰበ ውሳኔው ሳይወሰን ይታያል።

ሁሉም መሥሪያ ቤት እንዲህ አይሆንም። ዝም ማለት እንጀራ የሆነበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለውን ሰው አልፈርድበትም። ግን መናገር የምትችሉበት ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ፣ አንዱ የእናንተንም ሐሳብ ተናግሮ ሁሉም ሲያቀረቅር፣ ያኔውኑ "እኔም" በሉ። ኢንቦክስ ላይ የሚመጣ "ልክ ነህ" ደስ ይላል፤ ስብሰባ ላይ ግን ድምፅ ሆኖ አይቆጠርም።