እንጦጦን የሚወጣ መኪና

የኔ ፒካፕ አሮጌ ሃይሉክስ ነው። ሞተሩ ስሪ ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፤ ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ማሽን ሰክተው «ምን ነካህ?» የሚሉት ዓይነት አይደለም። ለአራት ወር አንድ በሽታ ይዞት ከረመ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በርን ዳገት ስጀምር ጉልበቱ ይከዳኛል። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ይለቅብኛል።

ደብረ ብርሃን ደርሼ ናፍጣ ሞልቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ ግን ምንም ያልነካው ይመስላል። አዲስ አበባ መካኒኩ ፊት ሲቆምማ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚሻለው ልጅ ነው።

የተደረገለትን ልቁጠርላችሁ። የናፍጣ ፊልትሮ ተቀየረ፤ እሺ፣ ጊዜውም ደርሶ ነበር። ቀጥሎ መካኒኩ በ17 ቁልፍ የየኖዝሉን ቧንቧ ተራ በተራ እያላላ ድምፁን አዳመጠ። የትኛውም ሲላላ ሞተሩ እኩል ይንገዳገድ ነበር፤ አራቱም ሲሊንደር ይሠራሉ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለት ኖዝል ተቀየረ! ከዚያ ፓምፑ ወርዶ ካሊብሬሽን ሄደ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ባለቤቴም ይህን ገጽ ታነባለች።

በመጨረሻ አንዱ ጋራዥ «ከፍታው ነው፣ አየር ያጥረዋል» ብሎ ፈረደ። ውሸት አልነበረም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተርቦ ለሌለው ሞተር ይህ ቀላል አይደለም። አምኜ ተቀመጥኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አሉ። ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱኝም።

«እንጦጦን ይወጣልሃል?»

«እንደ ፍየል ነው የሚወጣው፣ ጋሼ።»

«እሱስ ከ3,000 በላይ አይደለም እንዴ? ሲደክም ያጨሳል?»

«ኧረ አያጨስም።»

«አየር ያጠረው ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ናፍጣው ደርሶታል፣ የሚያቃጥልበት አየር ነው ያጣው። ያንተው ሳያጨስ ከደከመ ናፍጣው ራሱ አልደረሰውም። ለመሆኑ ያን ጊዜ ናፍጣህ ስንት ላይ ነበር?»

ዝም አልኩ። ከአዲስ አበባ ሁሌም ፉል አስሞልቼ ነው የምወጣው። በመልስ ጉዞ ደብረ ሲና ስደርስ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን እንደገና እሞላለሁ። እንጦጦን የወጣሁትም፣ መካኒኮቹ የሞከሩትም በሙሉ ታንክ ነበር። አራት ወር ሙሉ በሽታውን በናፍጣ እያከምኩ፣ ክፍያውን ለጋራዥ ስሰጥ ኖሬያለሁ።

ታንኩ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ጠበቅንና እንጦጦን ሞከርነው። ተንተፋተፈ። ዳገቱ ላይ እንደቆምን መሳቢያውንም መመለሻውንም ቧንቧ ከታንኩ ነቅለው ከአንድ ጄሪካን ናፍጣ ጋር አገናኙት። ተነሥቶ ወጣ! ፊልትሮው፣ ኖዝሉ፣ ፓምፑ፣ ሁሉም በአንድ ጄሪካን ነጻ ወጡ።

ታንኩ ሲወርድ ውስጡ ያለው መሳቢያ ቧንቧ መሃሉ ላይ ዝጎ ተበስቷል፤ ቀዳዳው የክብሪት ራስ አይሞላም። ናፍጣው ከቀዳዳው በላይ ሳለ ሰላም ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስና መኪናው ዳገት ላይ አፍንጫውን ሲያነሣ ግን ናፍጣው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቀዳዳው ይገለጣል፣ ፓምፑ ናፍጣ ትቶ አየር ይምጋል። ጠብታ ፍለጋ ስንት ጊዜ መኪናው ሥር ተኝቻለሁ! የሚስብ ቧንቧ ሲበሳ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚተነፍሰው።

ቧንቧው በነሐስ ተበየደ። ጋሼ ቡና ካልሆነ በቀር ምንም አልተቀበሉኝም።

ትናንት በሩብ ታንክ፣ ሽንኩርቴን ጭኜ ጣርማ በርን ወጣሁ። ከፊቴ አንድ አይሱዙ ያዘግም ነበር። ጥሩምባ የነፋሁት እኔ ነኝ።